በስሜ የተተከለ ድንኳን

ዓርብ ዕለት ስንሠራ የዋልነው የመስኮት ፍርግርግ ነበር። ዲላ ውስጥ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው። አንዱን ፍርግርግ አጣምሜ በየድኩት። አሠሪዬ ጋሽ ከድር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየውና፣

«ይሄን መስኮት ሌባ ቢያየው አይገባም» አለ። «የዚህ ቤት ሰው ከኔ የባሰ ደሀ ነው ብሎ ያልፋል።»

ሳቅን። ፈታሁትና እንደገና በየድኩት።

ማታ ልንዘጋ ስንል ፈቃድ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ነገ አገር ቤት ልሂድ። ለቀማ ደርሷል፤ እናቴ ብቻዋን ናት።»

«ለቀማ ነው ወይስ ሚስት አጭተውልህ?»

«ኧረ ለቀማ ነው።»

«እንግዲያው ቡና ሳትይዝ እንዳትመለስ። ሚስት ከሆነች ግን ለራስህ ያዛት፤ እኔ ያሉኝም በዝተውብኛል።»

ለእናቴ ሁለት ሳሙናና ስኳር ገዛሁ። ደውዬ እመጣለሁ አላልኳትም። ስልኬ መናኸሪያ ውስጥ ከተሰረቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ስልኩ ብዙም አላንገበገበኝም። ያንገበገበኝ ወንድሜ ብርሃኑ የወታደር ልብስ ለብሶ የላከልኝ ፎቶ እዚያ ውስጥ መሆኑ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም።

ተራ ቀን ነበረኝ ብዬ የማስታውሰው የመጨረሻው ቀን ያ ዓርብ ነው። የተጣመመ ፍርግርግ፣ ሁለት ሳሙና፣ የጋሽ ከድር ቀልድ።

ከመቀጠሌ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ መናገር አለብኝ። ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ኤልያስ ወራሳ እባላለሁ። ቤታችን ከይርጋጨፌ ወደ ኢዲዶ በሚወስደው መንገድ፣ ቡናና እንሰት መካከል ነው። አባታችን ሲሞት እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ብርሃኑ ሰባተኛ። ብርሃኑ ደብተሮቹን ሰብስቦ፣ የተጻፈባቸውን ገጾች ቀዶ፣ ባዶውን ለኔ ሰጠኝና ማሳ ገባ። በነዚያ ደብተሮች ነው አምስተኛን የተማርኩት። እሱ እየለቀመ፣ እሱ እየቆፈረ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ደረስኩ። ወደሚቀጥለው የሚያሳልፍ ነጥብ አልመጣልኝም። ሰርተፊኬቱን ግን እናቴ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ቤታችን ውስጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ክልሎች ሁሉ የየራሳቸውን ልዩ ኃይል የሚያበዙበት ጊዜ ነበር። የኛም ክልል፣ ያኔ ገና ሳይከፋፈል፣ ሰው ፈለገ። ለየቀበሌው ቁጥር ደረሰው። የኛ ሊቀመንበር ሰው ሰብስቦ፣ ሁለት ወንድ ያለው ቤት አንድ ይስጥ አለ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይፈለጋል ስለተባለ ከኛ ቤት የተጻፈው ስም የኔ ነበር።

ብርሃኑ ከኋላ ተነሣ። «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ ሰባተኛ ክፍል ነህ» አለው ሊቀመንበሩ። «የሚፈልጉት አሥረኛ ነው።»

«እንሰት ስተክል ክፍልህ ስንት ነው ያለኝ የለም። ለመሞት ነው እንዴ ሰርተፊኬት የሚጠየቀው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

«ዲላ ሄጄ ልሞክር» አለ ብርሃኑ። «እነሱ ካልተቀበሉኝ ኤልያስን ትወስዳላችሁ።»

ከስብሰባው ስንመለስ ከቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል አቆመኝ።

«ወረቀቱን ስጠኝ» አለኝ።

«የቱን?»

«የምን የቱን? አንድ ወረቀት እኮ ነው ያለን።»

«ፎቶው የኔ ነው እኮ።»

«አፍንጫው የአባባ ነው። የአባባ አፍንጫ እኔም ጋ አለ።»

አሁን የምጽፈውን እናቴ እንኳ ያወቀችው በኋላ ነው። እምቢ አላልኩትም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ለይሉኝታ እንኳ፣ ተው አላልኩትም። ሮጬ ነው ያመጣሁለት። እናቴ ወንዝ ወርዳ ነበር፤ ሣጥኗን ከፍቼ፣ ፕላስቲኩን እንዳለ አወጣሁና እየሮጥኩ ሰጠሁት። ፈርቼ ነበር። ቶሎ ካልሰጠሁት ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ተቀበሉት። የቀበሌው ቁጥር ሞላ። በምን ወረቀት ተቀበሉህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ከሰፈር ሰው ዓይን ለመራቅ ዲላ ገባሁ፤ ብየዳ ለመድኩ።

ከማሠልጠኛው ሲደውልልኝ ይስቅ ነበር። «ዛሬ ኤልያስ ወራሳ! ብለው ሦስት ጊዜ ጠሩ። እኔ ዞሬ አንተን ስፈልግ ነበር።»

«ቀጡህ?»

«ፑሽ አፕ አሠሩኝ። የተመዘገበው ላንተ ነው፤ ጡንቻው ግን ለኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዱ። መጀመሪያ በወር አንዴ ይደውል ነበር፤ ፎቶውን የላከልኝም ያኔ ነው። ከዚያ ቀረ። ሰላም ተፈረመ ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ልዩ ኃይሉ ፈረሰ፤ ሰዎቹ ገሚሱ ወደ መከላከያ፣ ገሚሱ ወደ ፖሊስ ተበተኑ ተባለ። ከዚያ ደግሞ ክልላችን ራሱ ተከፋፈለና እኛ ሌላ አዲስ ክልል ውስጥ ገባን። ወንድሜን የወሰደው ክልል የለም። የነበረበት ጦር የለም። እሱስ የት አለ ብሎ የሚጠየቅ በር አልነበረም። እናቴ ግን፣ «ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ነው፤ ስልክ የሌለበት አገር ነው» ትል ነበር። እኔም እሷ የምትለውን እል ነበር።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሣሁ። ይርጋጨፌ ስደርስ ገና ጧት ነበር። ሞተር ያዝኩ። የመንገዱ ዳርና ዳር የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ቀይ ሆነዋል። ያ ቀይ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ።

ከቤታችን በታች ያለው ድልድይ ጋ ባለ ሞተሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ለቅሶ አለ መሰለኝ» አለ። «እዚሁ ብትወርድ ይሻላል ወንድሜ። ለቅሶ ቤት በሞተር አይቀረብም።»

ወረድኩ። ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁት። ከኛ ቤት በኩል ነው። የእድራችን አረንጓዴ ድንኳን ጫፍ ከእንሰቱ በላይ ይታያል።

እናቴ ሞታለች አልኩ። ስኳሩን ይዤ መሮጥ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከሌሎቹ ድምፆች ሁሉ በላይ የእናቴን ድምፅ ለየሁት። ቆምኩና ተነፈስኩ። የምታለቅሰው እሷ ናት፤ በሕይወት አለች። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ እናቴ ስትጮህ ሰምቼ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የምትለውን ሰማሁ።

«ኤልያሴ! የመጨረሻዬ! ኤልያሴ!»

እናቴ የምትናገረው ጌዴኡፋ ነው፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ጥሪ ወደ አማርኛ ማምጣት አይቻልም። የራስን ስም በለቅሶ ዜማ መስማት ምን እንደሆነ ለማንም አልመኝም። ገላዬን ነካካሁ። እውነቴን ነው፤ እጄን በእጄ ያዝኩ።

ግቢው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛውን ነው። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ሲሆን የሟቹ ልብስና ፎቶ ይወጣል። በጠረጴዛው ላይ የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬ ቆሟል። አጠገቡ አሮጌው የትምህርት ቤት ሹራቤ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ክርኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል።

የአባቴ ወንድም ዲካ የድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። የእድሩ ዳኛ እሱ ነው። መርዶ የሚነገርበት ቤት ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ የሚገባው እሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አፉ ተከፈተና ቀረ።

አንዲት ሴት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጮኸች። የያዘችው ቆጮ ከእጇ ወደቀ። ሁለት ሴቶች ወደ ጓሮ ሮጡ። ዲካ ተነሥቶ መጣና ክንዴን ጨበጠው፤ ብየዳው ያቃጠለኝ ቦታ ላይ ነው የጨበጠኝ።

«አይ!» አልኩ።

«ሥጋ ነው!» ብሎ ጮኸ ዲካ። «ሥጋ ነው! አመመው!»

እናቴ በሰው መሐል ወጣች። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። ቆማ አየችኝ። ከዚያ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ አቀፈችኝ።

«ስልክህ የት አለ? አጎትህ ሲደውል ሲደውል ዝግ ነው! ስልክህ የት አለ?»

«ተሰረቀ፣ እማዬ።»

«ተሰረቀ!» ብላ ወደ ሰዉ ዞረች። «ስልኩ ተሰርቆ ነው!»

«ስልኩ ተሰርቆ ነው!» አሉ ሴቶቹ። ከበር እስከ መንገድ ድረስ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ «ስልኩ ተሰርቆ ነው! ስልኩ ተሰርቆ ነው!» ይል ጀመር። አንዷ እልልታ አቀለጠችው። ሌሎቹ ተከተሉ። ለለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ ወደ ደስታ ገባ። ወንዶች ተሸከሙኝ። አንዱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንባችንን መልስልን!» ይለኛል። ሌላው፣ «ያመጣሁትን ጎመን አንተው ትበላዋለህ፣ በሞትህ ስም ነው የተቀቀለው!» ይላል። እኔም እስቃለሁ። እዚያ ድረስ ምንም አልገባኝም ነበር። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ እስቅ ነበር።

«እስቲ ምን ብለው ነው ሞተ ያሉኝ?» ብዬ ዲካን ጠየቅሁት።

ዲካ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ትናንት ከወረዳ መጣ። እኛማ ይሄ ልጅ ከዲላ ተነሥቶ፣ ወንድሙን ተከትሎ፣ ለእናቱ ሳይናገር ዘምቶ ኖሯል አልን። ምን እንበል? ስምህ ነው የተጻፈው።»

አነበብኩት። ማኅተሙ የድሮው ክልላችን ነው፤ ቀን አልተጻፈበትም። ስም፣ ኤልያስ ወራሳ። የትምህርት ደረጃ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ። ከታች፣ በግዳጅ ላይ እያለ መሰዋቱን በሐዘን እንገልጻለን ይላል።

ሁለተኛ አላነበብኩትም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ውኃ! ውኃ አምጡ!» አለ ዲካ። «የራሱን ሞት አንብቦ ነው! ማን ቢሆን ይደነግጣል!»

ሰው ሳቀ። ሴቶቹ ውኃ ረጩኝ። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አለህ፣ አለህ፣ ይኸው አለህ» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሞት መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሞት ከዚያ ቤት አልወጣም። ስሙን ብቻ ነው የሳተው።

ያ ቀን እንዲህ መሸ። ወንጌላዊው መጣ። ስለ ጠፋውና ስለተመለሰው ልጅ ሰበከ። አባትየው እንዴት እንዳቀፈው፣ እንዴት ድግስ እንደተደገሰ ነገረን። ታላቅ ወንድምየው ከማሳ ሲመለስ የሚለው ጋ ሳይደርስ ጸሎት አደረገና ተቀመጠ። እኔ ያቺን ቦታ ስጠብቅ ነበር።

ለሐዘን የመጣው ምግብ ለደስታ ተበላ። ሰው መርዶው እንዴት እንደተነገረ እየቀለደ ያወራ ጀመር፤ ዲካ በሩ ላይ እንዴት እንደተንተባተበ፣ ለእናቴም ሳይነግራት እንዴት እንደገባት። እናቴ ድምጿ ሰልሎ ነበር። ከጎሕ ጀምራ ስትጮህ ውላ ከጉሮሮዋ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። በዚያው ትንፋሽ ሴቶቹን ታስቃለች።

የሰፈሩ ሴቶች እናቴን በስሟ አይጠሯትም፤ የብርሃኑ እናት ነው የሚሏት። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! «የብርሃኑ እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ።» «የብርሃኑ እናት፣ አንቺን የሰማ አምላክ ይመስገን።»

አመሻሽ ላይ ሳህን ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ብላ» አለችኝ። «አሁን የቀረኝ ብርሃኑ ብቻ ነው። እሱም እንዳንተ ነው የሚመጣው። ስልኩ ተሰርቆ ይሆናል።»

ጎመኑ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሊቀመንበሩም እዚያ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጦ ከቀትር ጀምሮ ያየኝ ነበር። ሰው ሲቀንስ ተነሥቶ ወደ ቡናው ውስጥ በጭንቅላቱ ጠራኝ። ተከተልኩት።

«ብርሃኑ ሰባተኛ ክፍል ነበር አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«የሚፈልጉት አሥረኛ ነበር።»

«አዎ።»

ከቡናው ላይ አንድ ፍሬ ቀንጥሶ በጣቶቹ ፈለቀቃት።

«ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ቁጥር ሙላ ሲሉኝ ነበር። ሞላ። ዝም አልኩ።»

«እኔም ዝም አልኩ።»

«ስማኝ ኤልያስ። ማንም አልገባውም። ወረቀቱን ስህተት ነው፣ ሰውየው በሕይወት አለ ብዬ ልመልሰው። አንተም አትጠየቅ፤ በሐሰት ሰነድ ነው የገባው ቢባል ለሙት ስሙም አይበጅም። እናትህም ተስፋዋን ይዛ ትኑር። አየሃት እኮ ዛሬ።»

«ለማን ነው የምትመልሰው?» አልኩት።

«እ?»

«ማኅተሙ የድሮው ክልል ነው። ልዩ ኃይሉ ፈርሷል። ለማን ነው የምትመልሰው?»

«ለወረዳ ነዋ» አለ። «እነሱ ፋይል ውስጥ ያደርጉታል። እስከ ነገ አስብበት።»

ክፉ ሰው አይደለም። ያለውን ብቀበል ኖሮ ብዙ ሰው አይፈርድብኝም ነበር። እኔ ሕያው ነኝ፣ እናቴ ደስ ብሏታል፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ብርሃኑ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የትም አልሞተም፣ የትም የለም። በሄደበት ስሜን ተሸክሞ ሄደ። አሁን ደግሞ ሞቱን ልወስድበት ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ትጠይቁኝ ይሆናል። ለቁም ነገር የሚሆን መልስ የለኝም። በወረቀት ላይ ዛሬም የሞትኩት እኔ ነኝ። ዞን ስሄድ ክልል ይሉኛል፤ ክልል ስሄድ ያ የድሮው ክልል ጉዳይ ነው፣ እኛ ያኔ አልነበርንም ይሉኛል። የት እንደተቀበረ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከተቀበረም ምልክቱ ላይ ያለው የኔ ስም ይሆናል። ሰው ኤልያስ ብሎ ሲጠራኝ ዛሬም ቶሎ አልዞርም። እሱ ይዙር ብዬ የምጠብቅ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን እጠይቃችኋለሁ። በየቤታችሁ የሄደ ልጅ ካለ፣ በማን ፈንታ እንደሄደ ዕወቁ። ቁጥሩ ሞላ ሲባል አብራችሁ አትሳቁ። ጀግና ነው፣ አገር ነው የሚሉትን ንግግሮች ሰምቻለሁ፤ ለብርሃኑ አይሆኑም። ብርሃኑ የሄደው ለክልልም ለመንግሥትም አይደለም። እኔ ስለፈራሁ ነው የሄደው። ይህን የሚጽፍ ሐውልት የለም፤ ስለዚህ እኔ ጻፍኩት።

የማግስቱን ጠዋት ነግሬያችሁ አበቃለሁ።

ገና ሳይነጋ ዲካ ቤት ሄድኩ። መርዶ የገዛ ልጅ አይናገርም፤ ሽማግሌ ነው የሚናገረው። ደጁ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ እንሰቱ መሐል የተባባልነውን፣ መሮጤንም ሳይቀር። ዲካ በሩን ደገፍ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

«ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ አጎቴ» አልኩት።

«አልችልም» አለ። «ሠላሳ ዓመት መርዶ ተናግሬያለሁ። ትናንት ያስለቀስኳትን ሴት ዛሬ ልጅሽ በሌላው ልጅሽ ፈንታ ነው የሞተው ልላት አልችልም። አንድ ቤት በሁለት ቀን ሁለት መርዶ አይገባም ልጄ። ጥቂት ቀን ትረፍ።»

«በነዚያ ቀናት እሱን ስትጠብቅ ነው የምትውለው።»

ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትቼው ተመለስኩ።

ግቢያችን ስደርስ የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጥተዋል። ሥራቸውን ጀምረዋል፤ ገመዱ ላልቷል፣ ካስማዎቹ ተነቅለዋል፣ ሸራው በአንድ በኩል ወርዷል። እየቀለዱ ነው።

«ሟች መጣ!» አለኝ አንዱ። «ና፣ የራስህን ድንኳን አግዘን!»

«አታፍርሱት» አልኩ።

«ምን?»

«አታፍርሱት።»

መዶሻውን ከእጁ ተቀበልኩ። የመጀመሪያውን ካስማ ትናንት በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አቆምኩና መታሁት። ሁለተኛውን መታሁ። ልጆቹ ሳቃቸው ቆመ። አንዱ ቀርቦ ቀስ ብሎ፣ «ኤልያስ፣ ለማን ነው?» አለኝ። ሦስተኛውን መታሁ። ገባውና ገመዱን ከሌላው ጫፍ ያዘልኝ። ከዚያ ሁሉም ያዙ። የሚሰማው የመዶሻው ድምፅ ብቻ ነበር።

እናቴ የውኃ ጀሪካን ይዛ ከቤት ወጣች። ለለቀማ ተዘጋጅታ ነበር፤ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራዋለች። ሸራው ሲወጣ አየችና ቆመች።

ወደ ቤት ገባሁ። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የብርሃኑ አሮጌ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ለቀማ ሲወጣ የሚለብሰው፣ ከሄደ ጀምሮ ማንም ያልነካው። ፎቶ ስለሌለው ያለኝ እሱ ነበር። አወጣሁት። ጠረጴዛው ትናንት ከቆመበት አልተነሣም። የኔን ፎቶ አነሣሁ፣ ሹራቤን አነሣሁ፣ ካፖርቱን አስቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኩ። «ወረቀቱ አልተሳሳተም። በኔ ወረቀት የሄደው እሱ ነው። ከሣጥንሽ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። እንዳይፈስ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ቅርጫቱን ከወገቧ ፈታች። መጣችና ካፖርቱን ዳበሰችው፤ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። የደረቀ ቡና ነበረበት፣ የዚያን ዓመት ለቀማ፣ ሦስት ወይም አራት ፍሬ። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

ከዚያ ትናንት የተቀመጠችበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አፏን ከፈተች።

ድምፅ አልወጣም። ስሙን በአፏ ቅርጽ አየሁት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ለሱ የሚሆነውን ድምፅ ትናንት ለኔ ጨርሳው ነበር።

አንድ ካስማ ቀርቶ ነበር። መዶሻውን አንሥቼ ከድንኳኑ ወጣሁና ካስማውን መታሁት።